በግልገል አንጀት ውስጥ የሚሞቱ ሴሎች፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ሥራው ሲጀመር

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጤነኛ ግልገል በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ በየቀኑ እጅግ ብዙ ነጭ የደም ሴሎችን ይፈጥራል። አብዛኞቹ ግን ከዚያው ሳይወጡ ይሞታሉ። በሽታ አይደለም፣ ቁስለትም አይደለም። ሴሎቹ ራሳቸው በውስጣቸው ባለው መመሪያ ነው የሚሞቱት። የት እንደሚሞቱ፣ ምን ያህሉ እንደሚሞቱ፣ ሬሳውን ማን እንደሚያነሳው በዓይኔ ማየትና መቁጠር እፈልጋለሁ።

የማየው ቦታ ፔየር ፓች ይባላል። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ውስጥ የሚገኝ የመከላከያ ሴሎች ክምችት ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1677 በዝርዝር ከገለጸው ከስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ከዮሐን ኮንራድ ፔየር ነው።

ለምን በግ? ሰውም አይጥም ፔየር ፓች አላቸው። የበግ ግን ለየት ይላል፤ ሁለት ዓይነት ነው። በመካከለኛው የትንሹ አንጀት ክፍል፣ ማለትም በጄጁነም፣ እዚህም እዚያም ተበታትነው ያሉት ትናንሾቹ ዕድሜ ልክ ይቆያሉ። በመጨረሻው ክፍል፣ በኢሊየም ያለው ግን አንድ ወጥ ሆኖ እስከ 2 ሜትር ገደማ ይዘልቃል። ግልገሉ 3 ወር ገደማ ሲሞላው ትልቁ መጠኑ ላይ ይደርሳል። ከዚያ እየከሰመ ይሄድና ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ምልክቱ ብቻ ይቀራል። በጉ ቢ ሴሎቹን፣ ማለትም አንቲቦዲ የሚሠሩትን ነጭ የደም ሴሎች፣ በብዛት የሚያመርተው እዚህ ነው። ዶሮ ላይ ይህንን ሥራ የሚሠራው በርሳ የሚባለው አካል ነው።

ጆን ሬይኖልድስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ በኢሊየሙ ፔየር ፓች ከሚፈጠሩት ሴሎች 95 በመቶ ያህሉ እዚያው እንደሚሞቱ ገምቷል። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ቁጥር ነው። አንድ አካል ከሚያመርተው ሃያ ሴል አሥራ ዘጠኙን መልሶ የሚያጠፋ ከሆነ፣ ሞቱ ብክነት ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ባለሙያዎች ፒፒአር የምንለው፣ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ፣ ዋና ጥቃቱን ከሚያደርስባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ፔየር ፓች ነው። ቫይረሱ ሊምፎሳይቶቹን፣ ማለትም ቢ ሴሎች የሚመደቡበትን የነጭ የደም ሴል ዓይነት፣ ይጨርሳቸዋል። ትልቁ ደስታ፣ የከብቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ፒፒአርን እስከ 2030 ለማጥፋት ደግሞ ዓለም አቀፍ ዘመቻ አለ። በታመመ ግልገል አንጀት ውስጥ የሞተ ሴል አይቶ "ቫይረሱ ነው የገደለው" ለማለት ግን፣ መጀመሪያ በጤነኛው ውስጥ ስንት እንደሚሞት ማወቅ ይገባል። እኔ የምሠራው ይህን መነሻ ነው።

ጥቅምት፣ መጨረሻው

ወረቀት፣ ፈቃድ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ። አለቀ። ፎርማሊኑ ተበጥብጧል።

ኅዳር፣ ቄራው

ቄራው በሞጆ መንገድ ካሉት የኤክስፖርት ቄራዎች አንዱ ነው። ሥጋው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ሥራው በጾም አለመቆሙ ነው። የነቢያት ጾም ሲገባ የከተማው እርድ ይቀዘቅዛል፤ እዚህ ግን መስመሩ እንደወትሮው ይሄዳል። የሚታረዱት በአብዛኛው ጠቦቶች ናቸው። ከመታረዳቸው በፊት ከንፈራቸውን ገለጥ አድርጌ ጥርሳቸውን አያለሁ። ሁሉም የወተት ጥርስ ከሆነ ዓመት አልሞላውም ብዬ እመዘግባለሁ። የ3 ወር ግልገሎቹን ግን ከዚህ አላገኝም፤ እነሱን ከገበሬ በግዢ ነው የምናመጣቸው። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ያረጁ እናት በጎች ያስፈልጉኛል።

አንጀት የሚታጠብበት ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት የሠሩ እናት አሉ። ምን እንደምፈልግ ስነግራቸው ሳቅ አሉና አንዱን አንጀት በሁለት ጣታቸው መሐል እያሳለፉ አሳዩኝ።

"ልጄ፣ ልጅ በግ ሲሆን መጨረሻው ወፈር ይላል። በጣትሽ ያዥው እስቲ። አሮጊቷ ላይ እንዲህ የለም፣ ስስ ነው።"

ያዝኩት። እውነታቸውን ነው። ከዕውር አንጀቱ መገናኛ ወደ ኋላ እስከ ክንድ ርዝመት ድረስ ግድግዳው ጠጠር ያለና ወፈር ያለ ነው፤ ከዚያ በላይ ይለሰልሳል። ማይክሮስኮፕ ሳይነካው ፔየር ፓቹን በጣት ማግኘት ይቻላል። እትዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ናሙናዬን ይለዩልኛል። ብዙ የቤተ ሙከራ ሥራ የሚቃናው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው፤ ስማቸው ግን በየትኛውም ጽሑፍ ላይ አይወጣም።

አወሳሰዱን ልጻፍ፤ ይህን ሥራ የሚሞክር ሌላ ሰው ቢኖር ይጠቅመዋል።

ዕውር አንጀቱን አገኛለሁ። ከመገናኛው ወደ ኋላ ጣት የሚያህል ቁራጭ እቆርጣለሁ። ከዚያ ቧንቧውን በርዝመቱ እከፍተዋለሁ። የት በኩል እንደሚከፈት ወሳኝ ነው። አንጀትን ከጀርባ ጋር የሚያያይዝ ስስ ሽፋን አለ፤ የደም ሥሮቹም በዚያ ነው የሚመጡት። የሊምፎሳይት ክምችቱ ከዚያ መስመር በተቃራኒው በኩል ነው የሚበዛው። በኢሊየሙ ዙሪያውን ሊሞላው ይደርሳል፤ ባዶ የሚቀረው ሽፋኑ የሚያያዝበት ጠባብ መስመር ነው። ስለዚህ መቀሱ በዚያ መስመር ላይ ይሄዳል። በሌላ በኩል የከፈተ ሰው መሐሉን ቀድዶት ያርፋል።

ፈርሱ በቀዝቃዛ ሳላይን ቀስ ተብሎ ይታጠባል። መፋቅ የለም፣ ማሸት የለም። ከዚያ ውስጡ ወደ ላይ ሆኖ ስታይሮፎም ላይ በመርፌ ይወጠራል። ካልተወጠረ የአንጀቱ ጡንቻ ይኮማተርና ቁራጩ ይጠቀለላል፤ ቀጥ ያለ ስላይስ ከሱ አይገኝም። ወጥሮ ፎርማሊን ውስጥ መድፋት፣ ፎርማሊኑም ከቁራጩ 10 እጥፍ መብለጥ አለበት። በማግስቱ ይወጣል።

ኅዳር፣ ኮምጣጤ

ይህ ለቁጥሩ አያስፈልግም፤ ለዓይን ግን ደስ ይላል። ከናሙናው የተረፈውን ቁራጭ በሳሳ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ ነከርኩት። ትንሽ ቆይቶ ቲሹው ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆንና ፎሊክሎቹ፣ ማለትም ፔየር ፓቹ የተሠራባቸው የሴል ከረጢቶች፣ ነጭ ነጭ ነጥብ ሆነው ይወጣሉ። በኢሊየሙ ላይ ጥቅጥቅ ብለዋል፤ በመሐላቸው ክፍተት የለም። በጄጁነሙ ላይ ግን ክብ ክብ እያሉ ተራርቀው ነው ያሉት። ከእናት በግ የተወሰደው ኢሊየም ላይ ፈልጌ ያገኘሁት አልፎ አልፎ ነው። የሚከስም አካል ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ሳህን ላይ ጎን ለጎን ታየ።

ታኅሣሥ፣ ዋናው ስጋት

ዶክተሯ፣ አማካሪዬ፣ የመጀመሪያዎቹን ስላይዶች አይታ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ "እነዚህ ሴሎች በጉ በሕይወት እያለ ነው የሞቱት ወይስ ከታረደ በኋላ?"

የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። አንጀት ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ቶሎ ከሚበላሹት አንዱ ነው። ውስጡ ባክቴሪያና የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ሞልቶታል። እርዱ ካለፈ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ የገጽ ሽፋኑ ከጫፉ መላጥ ይጀምራል። በዚያ ላይ የኢሊየሙ ቢ ሴሎች በራሳቸው ስስ ናቸው። ከቲሹው ተለይተው በሰውነት ሙቀት ሲቀመጡ በሰዓታት ውስጥ በብዛት አፖፕቶሲስ፣ ማለትም ሴል በራሱ መመሪያ የሚሞትበት ሂደት፣ ውስጥ እንደሚገቡ በበግ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። በሌላ አነጋገር፣ ናሙናው መንገድ ላይ በቆየ ቁጥር ሞቱ ይጨምራል፤ እኔም የራሴን መዘግየት ቆጥሬ የበጉ ነው ልል እችላለሁ።

ስለዚህ መዘግየቱን ራሱን ሙከራ አደረግነው። ከአንድ በግ ተመሳሳይ ቁራጮች ተወሰዱ። አንዱ ወዲያውኑ ፎርማሊን ገባ። ሌሎቹ በክፍል ሙቀት ለ30 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት፣ ለ3 ሰዓት ቆይተው ገቡ። ሁሉም በአንድ ላይ ፓራፊን ተደረጉ፣ በማይክሮቶም በ4 ማይክሮን ተቆረጡ፣ በሄማቶክሲሊንና በኢኦሲን ቀለም ተነከሩ።

ታኅሣሥ፣ ገና ሳይደርስ

ስላይዶቹ ደረሱ። ለዚህ ረጅም ጊዜ ቁጭ ማለት ነበረብኝ።

ወዲያው ፎርማሊን የገባው ላይ ሲታይ ፎሊክሉ ረዘም ያለ ከረጢት ይመስላል። በሰማያዊ ኒውክለሶች ጢም ብሏል። ብዙዎቹ በመከፋፈል ላይ ናቸው፤ ክሮሞዞሞቻቸው ተሰብስበው ይታያሉ። በዚህ ጥቁር መስክ መሐል ገርጣ ያሉ ሰፋፊ ሴሎች ተበትነዋል፤ የሞተ ሴል የሚውጡት ማክሮፋጆች ናቸው። ፓቶሎጂስቶች ይህንን መልክ "ከዋክብታማ ሰማይ" ይሉታል፤ ያዩት ሁሉ ለምን እንዳሉት ይገባቸዋል። አንዱን ማክሮፋጅ በ100 ሌንስ በዘይት አየሁት። ሆዱ ውስጥ ሦስት አራት ድቡልቡል ጥቁር እንክብሎች አሉ። አንዱ ፍጹም ክብ ነው፤ ዙሪያውን ቀጭን ሮዝ ሳይቶፕላዝም ከቦታል። ሌላው ተሰባብሮ ቅንጣት ሆኗል። አንዱ ደግሞ እየደበዘዘ ነው፤ እየተፈጨ ነው ማለት ነው። እነዚህ ከጥቂት ሰዓት በፊት ቢ ሴሎች ነበሩ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ቫልተር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1885 እነዚህን ቀለም የሚይዙ እንክብሎች በሊምፍ ቲሹ ውስጥ አይቶ ጽፏል። ሬሳ መሆናቸው በደንብ የታወቀው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። ተመራማሪዎቹ ኬር፣ ዋይሊና ከሪ አፖፕቶሲስን እ.ኤ.አ. በ1972 ከገለጹ በኋላ ማለት ነው።

በዙሪያው ምንም ግርግር የለም። ቁስለት ሲኖር የሚመጣው ነጭ የደም ሴል፣ ኒውትሮፊል፣ የለም፣ እብጠት የለም፣ የፈሰሰ ነገር የለም። ሴሉ ሳይፈነዳ ተሰብስቦ ሞተ፤ ጎረቤቱ ማክሮፋጅ ዋጠው፤ አለቀ።

አሁን የ3 ሰዓቱ ስላይድ። የገጹ ሽፋን ተልጦ ቪለሶቹ፣ የአንጀቱ ጣት መሰል ትናንሽ ዘንጎች፣ ራቁታቸውን ቀርተዋል። ፎሊክሎቹ ቅርጻቸውን ይዘዋል። ውስጣቸው ግን ከየትኛውም ማክሮፋጅ ውጭ የሆኑ፣ ብቻቸውን የቆሙ ጥቁር የተጨማደዱ ኒውክለሶች በዝተዋል። ወደ ገጹ የቀረቡት ሴሎች ደግሞ በጅምላ ደብዝዘዋል፤ ያ ተራ መበስበስ ነው። ልብ ያልኩት ዋና ነገር ሌላ ነው። በማክሮፋጅ ውስጥ ያሉት እንክብሎች ብዛት ከመጀመሪያው ስላይድ ብዙም አይለይም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መዋጥ ሕይወት ይጠይቃል። ማክሮፋጁ ሬሳውን አግኝቶ፣ አቅፎ፣ ለመዋጥ ጉልበት ያስፈልገዋል። በጉ ከታረደ በኋላ ይህ ሥራ ይዳከማል። ሴሎቹ መሞታቸውን ቢቀጥሉም የሚያነሳቸው የለም። እንግዲህ በማክሮፋጅ ሆድ ውስጥ ያለ ሬሳ በጉ እያለ የሞተ ነው ብዬ ልተማመንበት እችላለሁ። ሜዳ ላይ የቀረውን ግን በዝምታ ልቀበለው አልችልም።

ከዛሬ ጀምሮ በቆጠራ ወረቀቴ ላይ ሁለት ዓምድ አለ። የተዋጠ፣ ያልተዋጠ። ከእርድ እስከ ፎርማሊን ያለው ደቂቃ ደግሞ በእያንዳንዱ ናሙና ላይ ይጻፋል። ደቂቃው ባልተጻፈበት ናሙና ላይ ያልተዋጠው አይቆጠርም።

ጥር፣ ጄል

ዲኤንኤው ራሱ ምን እንደሚል ማየት ፈለግን። በአፖፕቶሲስ የሚሞት ሴል ዲኤንኤውን በዘፈቀደ አይበጥሰውም። ኢንዛይሙ የሚቆርጠው በኒውክሊዮሶሞች፣ ማለትም ዲኤንኤው በፕሮቲን ላይ በተጠቀለለባቸው ጥቅሎች፣ መሐል ነው። ስለዚህ ቁርጥራጮቹ በ180 እስከ 200 ቤዝ ጥንድ ብዜት ይወጣሉ፤ ቁርጥራጮችን በመጠናቸው በሚለየው አጋሮዝ ጄል ላይ መሰላል ይሠራሉ። የበሰበሰ ቲሹ ግን በየቦታው ስለሚበጣጠስ ከላይ እስከ ታች የተቀባ ጭረት ይሆናል።

አራት ናሙና ጫንን፦ ወዲያው በበረዶ የተያዘ ፔየር ፓች፣ 3 ሰዓት የቆየው፣ ተለይተው በ37 ዲግሪ ያቆየናቸው የፔየር ፓች ሴሎች፣ ለማነጻጸሪያም የጭን ጡንቻ። ጄሉ ወፍራም፣ ቮልቱ ዝቅተኛ። ሲፈጥን ደረጃዎቹ ይደባለቃሉ።

መሐል ላይ መብራት ሄደ። ጄነሬተሩ እስኪነሳ ባንዶቹ፣ የዲኤንኤው መስመሮች፣ ትንሽ ደብዘዝ ማለታቸው አይቀርም፤ ግን ይነበባል። ጡንቻው ከላይ አንድ ወፍራም ባንድ ብቻ። ተለይተው የቆዩት ሴሎች ጥርት ያለ መሰላል፤ ደረጃው ይቆጠራል። ወዲያው የተያዘው ፔየር ፓች ደግሞ ደካማ ቢሆንም መሰላሉ አለው። ጤነኛ በግ፣ ትኩስ ቲሹ፣ ሆኖም መሰላል! ጋሼ፣ የቤተ ሙከራችን ቴክኒሻን፣ መብራቱን አጥፍተው እንደገና አዩትና "አለ፣ አለ" አሉ። የ3 ሰዓቱ ጭረቱ ገንኖ መሰላሉን ከስር አልብሶታል። ሁለቱም ሞት በአንድ መስመር ላይ ተደራርበው ታዩ።

የካቲት፣ ካስፔዝ

የሚሞቱትን በኢንዛይማቸው ለመያዝ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ተኔል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ዘዴ ነው፤ የተሰበሩ የዲኤንኤ ጫፎችን ቀለም ያስይዛል። የበሰበሰውንም ሊያስይዝ ስለሚችል ለእኔ ጥያቄ አይመችም። የመረጥነው የተቆረጠ ካስፔዝ 3ን የሚይዝ አንቲቦዲ ነው። ካስፔዝ 3 የሞቱ ዋና አስፈጻሚ ኢንዛይም ነው። ተኝቶ ይኖርና ሲቆረጥ ይነቃል። አንቲቦዲው የነቃውን ብቻ ነው የሚያውቀው። በበግ ቲሹ ላይ መሥራቱን መጀመሪያ በግልገል ታይመስ፣ በደረት ውስጥ ባለው የመከላከያ ሴሎች ማሳደጊያ አካል፣ ላይ ሞከርነው። ታይመስም ብዙ ሴል የሚሞትበት ቦታ ስለሆነ ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ቡናማው ቀለም በትክክለኛው ቦታ ወጣ።

ፔየር ፓቹ ላይ ያየሁት ያልጠበቅሁትን ነው። ቡናማ የሆኑት ሴሎች በብዛት ገና ያልተዋጡ፣ ቅርጻቸውን ያልጨረሱ ናቸው። በማክሮፋጅ ሆድ ውስጥ ያሉት አሮጌ እንክብሎች ግን ብዙዎቹ ቀለም አልያዙም፤ ፕሮቲኑ ተፈጭቷል። ሁለቱ መለኪያዎች የአንዱን ሞት ሁለት የተለያየ ቅጽበት ነው የሚይዙት። ካስፔዙ መጀመሪያውን፣ የተዋጠው እንክብል መጨረሻውን። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ግማሹን ነው የሚቆጥረው። ያለ ማክሮፋጅ ብቻውን የቆመ ግን በካስፔዝ ቡናማ የሆነ ሴል፣ ናሙናው በደቂቃዎች ውስጥ ፎርማሊን ከገባ፣ አሁን በልበ ሙሉነት እቆጥረዋለሁ። በዘገየ ናሙና ላይ አልቆጥረውም።

ሌላ የሚደንቀኝ ነገር አለ። በአንድ መስክ ላይ የሚታዩት የሞቱ ሴሎች ከሕያዋኑ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ታዲያ 95 በመቶው የት አለ? መልሱ በጊዜው ነው። አንድ ሴል ሞቶ፣ ተውጦ፣ ተፈጭቶ እስኪጠፋ የሚወስደው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ስላይድ ደግሞ የአንዲት ቅጽበት ፎቶ ነው። ቅጽበቱ ላይ ትንሽ የሚመስለው፣ ቀኑን ሙሉ ሲደመር ብዙ ነው። ለዚህ ነው የሚከፋፈሉትንም አብሬ የምቆጥረው። ያን ያህል ሴል እየተወለደ ፔየር ፓቹ ያን ያህል ካልወፈረ፣ የቀረው ወይ ወጥቷል ወይ ሞቷል። የሚወጣው ደግሞ ጥቂት መሆኑን የሬይኖልድስ ሥራ አሳይቷል።

ለምን ይሞታሉ? እዚህ ቦታ ቢ ሴሎቹ ጀርም የሚለዩበትን የተቀባያቸውን ዘረመል እየለዋወጡ ነው። ሬይኖ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ሥራ ይህ ለውጥ በበግ ላይ ከውጭ ጀርም ሳይጠብቅ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ለውጡ ዕጣ ነው። ለአንዳንዱ ጥሩ ተቀባይ ይወጣለታል፤ ብዙው ግን የማይሠራ ይዞ ይቀራል። የሚሠራ ተቀባይ በገጹ ላይ የሌለው ቢ ሴል ደግሞ "ቆይ" የሚለውን ምልክት አያገኝም፤ የሴሉ ኃይል ማመንጫ፣ ሚቶኮንድሪያው፣ ሳይቶክሮም ሲ የተባለውን ፕሮቲን ይለቅቃል፣ ካስፔዞቹ በሰንሰለት ይነቃሉ፣ ያልቃል። ግልገሉ ውጭ ወጥቶ ሣር ሲግጥ የሚያገኘውን የማያውቀውን ጀርም የሚቀበሉት ከዚህ ያለፉት ጥቂቶች ናቸው። ይህን እያሰብኩ ስላይዱን ሳይ፣ እነዚያን ጥቁር እንክብሎች እንደ ቆሻሻ ማየት አቃተኝ።

የካቲት፣ መጨረሻው

ዕድሜ ዕድሜ እያልኩ አነጻጸርኩ። የ3 ወሩ ግልገል ፎሊክሎች ትላልቅ፣ መከፋፈሉም መሞቱም የበዛ ነው። የቄራው ጠቦቶች ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። አንዳንዱ ገና ሙሉ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ፎሊክሎቹ አንሰው በመሐላቸው ተያያዥ ቲሹ ገብቷል። የወተት ጥርስ ሁሉን አይናገርም። ስለዚህ የጠቦቶቹን ቁጥር በአንድ ላይ መጨፍለቅ አልፈልግም። በፎሊክሉ መጠን ከፍለን እንቆጥራለን። ዶክተሯም ተስማምታለች።

የጄጁነሙ ነገር አጭር ነው። እዚያ ሞቱ በጀርሚናል ሴንተሮቹ፣ ማለትም ቢ ሴሎች በሚራቡባቸው የፎሊክል ማዕከሎች፣ ላይ ተሰብስቦ ይታያል፤ በኢሊየሙ እንደሚታየው ፎሊክሉን በሙሉ አያዳርስም። ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

የቀረው የቆጠራው ሁለተኛ ዙር ነው። ስላይዶቹ ቁጥራቸው ተሸፍኖ ለሌላ ሰው ተሰጥተዋል፤ የበጉን ዕድሜም የቆይታውን ደቂቃም ሳያውቅ ይቆጥራል። የእሱና የእኔ ቁጥር ከተቀራረበ የጤነኛው መነሻ ተዘጋጀ ማለት ነው። ከዚያ ከማኅደር የወጡትን የፒፒአር ብሎኮች፣ በፓራፊን የተያዙትን የታመሙ በጎች ናሙናዎች፣ እንከፍታለን። እነዚያ ላይ ግን ከሞት እስከ ፎርማሊን ያለው ደቂቃ አልተጻፈም። በራሴ ደንብ ያልተዋጡትን መቁጠር ስለማልችል፣ መጀመሪያ የማየው ማክሮፋጆቹን ነው።